ለኤሌክትሮኒክ የዒላማ ልምምድ ምን ዓይነት ኮምፒውተር ልግዛ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ከጥቂት ወጣቶች ጋር ዒላማ እንለማመዳለን፤ በአብዛኛው በሌዘር ሽጉጥ፣ አንዳንዴ ፈቃድ ባለው የአየር ጠመንጃ። ከባሕር ዳር፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከሞጣ ሳይቀር እየደወሉ የሚጠይቁኝ ነገር አንድ ነው፦ «ለዚህ ነገር ምን ዓይነት ኮምፒውተር ልግዛ?» በስልክ ደጋግሜ የመለስኩትን እዚህ ሰብስቤ ጽፌዋለሁ።

የልምምድ መሣሪያው ራሱ ምን ያደርጋል? ኮምፒውተሩስ ለምን አስፈለገ?

ከጠመንጃው ወይም ከሽጉጡ አፈሙዝ ሥር ወይም ከጎኑ ትንሽ ሴንሰር ይታሰራል። ሴንሰሩ ዒላማውን እያየ አፈሙዙ የት እንደሚያነጣጥር ይከታተላል። ያየውን በገመድ ወይም ያለ ገመድ ወደ ኮምፒውተር ይልካል። ኮምፒውተሩ ዒላማውን ስክሪን ላይ አስቀምጦ የአፈሙዙን ጉዞ በመስመር ይስላል። እኛ ይህን መስመር ዱካ እንለዋለን። ከየት እንደገባችሁ፣ መሃሉ ላይ ስንት ሰከንድ እንደቆያችሁ፣ ቃታው ሲሳብ ወዴት እንደሸሻችሁ ሁሉም ይታያል። ጥይት አያስፈልግም፤ በባዶ መሣሪያ ይሠራል። የሩሲያው ስካትና የፊንላንዱ ኖፕቴል በዚህ መንገድ የሚሠሩ ናቸው።

ሌላው ዓይነት የሌዘር ነው። ቃታው ሲሳብ ብልጭ የሚል ጨረር ዒላማው ላይ ያርፋል። ያረፈበትን ቦታ ዒላማው ራሱ ወይም ካሜራ ያነብበዋል። በኦሎምፒክ የሚታየው ዘመናዊ ፔንታትሎን ከለንደን 2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚተኮሰው በሌዘር ሽጉጥ ነው።

አባቴ ዒላማ የተማረው በዲሞትፈር ነው። የመጀመሪያ ቀን ሴንሰሩን አስሬ ስክሪኑ ፊት አቆምኩት። ዝም ብሎ ሲያየው ቆየ። ከዚያ «ይሄ እኮ ትንፋሼ ነው» አለ። ልክ ነበር። መስመሩ ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ድሮ በግምት የሚነገረውን አሁን በዓይን ያሳያል።

ኃይለኛ የጌም ኮምፒውተር መግዛት አለብኝ?

የለባችሁም። ሶፍትዌሩ የሚስለው ክብ፣ መስመርና ነጥብ ነው። ለዚህ ውድ ግራፊክስ ካርድ ምንም አይጨምርም። እንዲያውም የጌም ላፕቶፕ ይከብዳል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ገንዘባችሁን ለሌላ አቆዩት።

ታዲያ ማንኛውም ርካሽ ኮምፒውተር ይበቃኛል ማለት ነው?

አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ዒላማ ላይ 10 ነጥብ የሚያሰጠው መሃል ስፋቱ 0.5 ሚሊሜትር ነው። በእርሳስ ጫፍ የተነካ ነጥብ በሉት። በኋላኛውና በፊተኛው ማነጣጠሪያ መካከል 70 ሴንቲሜትር ያህል አለ እንበል። የፊተኛው በ0.035 ሚሊሜትር ብቻ ሲዛነፍ፣ 10 ሜትር ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ይሆናል። ይህ ከፀጉር ውፍረት ያንሳል። እንግዲህ ሴንሰሩ የሚለካው ይህን ነው፤ ኮምፒውተሩም ከሴንሰሩ የሚመጣውን ልኬት ሳያቋርጥ መቀበል አለበት።

ኮምፒውተሩ ለአፍታ ሲንተባተብ በመሃል ያሉ ልኬቶች ይጠፋሉ። ከመንተባተቡ በፊትና በኋላ ያሉት በቀጥታ መስመር ይገናኛሉ። ስክሪኑ ላይ እጅ ድንገት የዘለለ ይመስላል። እጁ ግን አልዘለለም።

ይህ ደርሶብናል። አንዲት ጎበዝ ተማሪ አለችን። ሁለት ቅዳሜ በተከታታይ ዱካዋ ቃታ ስትስብ ወደ ቀኝ እየዘለለ አስቸገረን። «ቃታውን ትነጥቂዋለሽ» አልኳት። አመነችኝ። ለማስተካከል ብላ እጀታውን አጥብቃ መጨበጥ ጀመረች። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ሰዓቱን ልብ አልኩት። ዝላዩ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነበር። አንቲቫይረሱ ሳምንታዊ ፍተሻውን የሚጀምረውም በዚያው ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ስለነበረው ሁለቱን ሥራ አብሮ አልቻለም። ይቅርታ ጠየቅኋት። አጥብቆ የመጨበጡን ልማድ ለማስተው ግን አንድ ወር ፈጅቶብናል።

ስለዚህ የሚፈለገው ፈጣን ኮምፒውተር ሳይሆን የማይንተባተብ ኮምፒውተር ነው።

ጥፋቱ የእጄ ይሁን የኮምፒውተሩ እንዴት እለያለሁ?

ጠመንጃውን ወይም ሽጉጡን በአሸዋ ከረጢት ላይ አሳርፉት። ወደ ዒላማው ይዙር። ማንም አይንካው። ሶፍትዌሩን ከፍታችሁ አምስት ደቂቃ ዱካውን ተመልከቱ። መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ መቆየት አለበት። እየዘለለ ከሄደ ጥፋቱ የእጅ አይደለም። ኮምፒውተሩን፣ ገመዱን ወይም የክፍሉን መብራት መርምሩ። እኛ አሁን በየቅዳሜው ከልምምድ በፊት ይህን እናደርጋለን።

እሺ፣ በቁጥር ንገረን። ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ዲስክ?

ፕሮሰሰር የኢንቴል ኮር አይ 3 ወይም አይ 5፣ 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ። ከኤኤምዲ ከሆነ ራይዘን 3 ወይም 5። ራም (ኮምፒውተሩ እየሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማኅደር) 8 ጊጋባይት። 4 ጊጋባይትም ይሠራል፤ ግን ዊንዶውስና አንቲቫይረስ ብቻቸውን አብዛኛውን ይበሉታል። ዲስኩ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ይሁን፤ 256 ጊጋባይት ይተርፋል። የልምምድ መዝገብ ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ኤስኤስዲውን እመርጣለሁ። ባለ ሃርድ ዲስክ ላፕቶፕ ቤት ካላችሁ፣ አዲስ ከመግዛት በፊት ዲስኩን ቀይሩት። የሰባት ዓመት ላፕቶፕ በዚህ ብቻ ነፍስ ሲዘራ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ዩዝድ ልግዛ ወይስ አዲስ?

ለዚህ ሥራ ጥሩ ዩዝድ እመርጣለሁ። በተለይ ለቢሮ የተሠሩትን፦ ዴል ላቲቲዩድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ። አካላቸው ጠንካራ ነው። የዩኤስቢ ቀዳዳቸው ብዙ ነው። መለዋወጫ ይገኝላቸዋል። በዚያው ዋጋ የሚሸጠው አዲስ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ደካማ ፕሮሰሰርና 4 ጊጋባይት ራም ያለው ነው።

የፕሮሰሰሩን ትውልድ ከቁጥሩ ታውቁታላችሁ። አይ 5 ብሎ 8250 ካለ 8ኛ ትውልድ ነው። 7200 ካለ 7ኛ ነው። ሻጩ «አይ 7 ነው» ብሎ ብቻ ሲነግራችሁ አትርኩ፤ የ4ኛ ትውልድ አይ 7 ብዙ ጊዜ ከ8ኛ ትውልድ አይ 3 አይሻላችሁም።

የመጀመሪያውን ላፕቶፓችንን የገዛሁት አዲስ አበባ ነው። ሱቁ ውስጥ ቻርጀሩ ተሰክቶ ነበር የታየኝ። አባይ በረሃን ተሻግሬ ማርቆስ ደርሼ ቻርጀሩን ስነቅለው አራት ደቂቃ ሠርቶ ጠፋ። ለመመለስ 300 ኪሎ ሜትር መሄድ ነበረብኝ። ከመግዛታችሁ በፊት ቻርጀሩን ንቀሉ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ።

ላፕቶፕ ወይስ ዴስክቶፕ?

ላፕቶፕ። ምክንያቱ መብራት ነው። በልምምድ መሃል መብራት ሲጠፋ ዴስክቶፕ ያላስቀመጠውን ሁሉ ይዞ ይጠፋል። ላፕቶፕ በባትሪው ይቀጥላል። ዴስክቶፕ ካላችሁና መቀየር ካልቻላችሁ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪው ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ዕቃ) ግዙ፤ ቢያንስ መዝገቡን አስቀምጣችሁ በሥርዓት ለመዝጋት ጊዜ ይሰጣችኋል።

ባትሪው ምን ያህል ይቆይ? የ10 ሜትር ውድድር 60 ተኩስ ነው፤ በኤሌክትሮኒክ ዒላማ ሲሆን 75 ደቂቃ ይሰጠዋል። ከዚያ በፊት 15 ደቂቃ ለዝግጅትና ለማስተካከያ ተኩስ አለ። ጠቅላላው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ባትሪው ይህን ሳይሰካ ከቻለ ሙሉ ውድድር መለማመድ ትችላላችሁ ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ቢሆን ደግሞ ሰላም ነው።

ጄኔሬተር የምትጠቀሙ ከሆነ ላፕቶፑን በቀጥታ አትሰኩት። ጄኔሬተር ሲነሳና ሲጠፋ ቮልቴጁ ይወዛወዛል። በመሃል ስታቢላይዘር (ቮልቴጁን የሚያረጋጋ ዕቃ) ይኑር። ወይም ሲነሳ ንቀሉ፣ ሲረጋ ሰኩ።

ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ላፕቶፕ አለኝ። ይሠራል?

ይሠራል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ያ ማለት ኮምፒውተሩ ይቆማል ማለት አይደለም፤ በመደበኛው መንገድ የደህንነት ማሻሻያ አይመጣለትም ማለት ነው። ለልምምድ ብቻ የተለየና ኢንተርኔት የማይነካው ኮምፒውተር ከሆነ እኔ አልጨነቅም። ባንክም ፌስቡክም የምትከፍቱበት ከሆነ ግን ወደ 11 ማለፍ ይሻላል። ዊንዶውስ 11 የ8ኛ ትውልድ ኢንቴል ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ከላይ ያን ቁጥር የጠራሁት ለዚህም ጭምር ነው።

በማክ፣ በክሮምቡክ ወይም በስልክ አይሆንም?

ክሮምቡክ ተዉት፤ የዊንዶውስ ፕሮግራም አይጭንም። ማክ እንደ ሴንሰሩ ዓይነት ነው፤ አንዳንዱ የማክ ሶፍትዌር አለው፣ አንዳንዱ የለውም። ገመድ አልባ የሆኑ አዳዲስ ሴንሰሮች በስልክና በታብሌትም ይሠራሉ። ጀማሪ ከሆናችሁና መሣሪያው ስልክን የሚደግፍ ከሆነ ኮምፒውተር ሳትገዙ ጀምሩ።

ስናፕድራገን ፕሮሰሰር ያላቸው አዳዲስ ቀጫጭን የዊንዶውስ ላፕቶፖች አሉ። ባትሪያቸው ግሩም ነው። ነገር ግን ለኢንቴል ተብሎ የተጻፈ አሮጌ ድራይቨር (ሴንሰሩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) አይቀበሉም። ሴንሰሩን ሰክታችሁ «አልታወቀም» ብሎ ይቀራል። የሴንሰሩ አምራች በግልጽ ይሠራል ካላለ አትግዙ።

ሴንሰሩ በመሃል እየጠፋ ይመለሳል። ላፕቶፑ ተበላሽቷል?

ብዙ ጊዜ አልተበላሸም። ሦስት ነገር ተመልከቱ።

የመጀመሪያው ኃይል ቁጠባ ነው። ዊንዶውስ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ሥራ የፈታ የመሰለውን ዩኤስቢ ያስተኛዋል። በኃይል ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ዩኤስቢ ማስተኛቱን አጥፉት። ስክሪኑም ኮምፒውተሩም በራሱ እንዳይተኛ አድርጉ።

ቀጥሎ የገመድ ርዝመት አለ። የዩኤስቢ 2.0 ገመድ በደንቡ እስከ 5 ሜትር ነው። ሴንሰሩ አፈሙዝ ላይ፣ ላፕቶፑ አጠገባችሁ ከሆነ ችግር የለም። ካሜራው ወይም አንባቢው ዒላማው ጋ ከሆነ ግን 10 ሜትር መሻገር አለባችሁ። ሁለት ተራ ገመድ ቀጥሎ መሄድ አያዋጣም፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ይቆረጣል፤ በጣም የሚያናድደውም ያ ነው። ውስጡ ሲግናል የሚያጎለብት ሰርኪዩት ያለው አክቲቭ ኤክስቴንሽን ግዙ። በኔትወርክ ገመድ የሚገናኝ ኤሌክትሮኒክ ዒላማ ከሆነ ግን እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፤ ላፕቶፑ የኔትወርክ ቀዳዳ እንዳለው ብቻ እዩ። ቀጫጭኖቹ የላቸውም።

የቀረው ሃብ (አንዱን የዩኤስቢ ቀዳዳ ወደ ብዙ የሚያበዛ ዕቃ) ነው። የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ 500 ሚሊአምፒር ይሰጣል፤ 3.0 ደግሞ 900። ርካሽ ሃብ ላይ ሴንሰር፣ ማውስና ፍላሽ አብራችሁ ስትሰኩ ያንኑ ይካፈሉታል። ሴንሰሩን ለብቻው በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት። ማውሱ ሃብ ላይ ይሂድ።

የሌዘር ሽጉጥና ዌብካም ብቻ ነው ያለኝ። ለዚህስ?

ጥሩ ጅማሬ ነው። በርካሽ ይሠራል። እዚህ ግን ኮምፒውተሩ ትንሽ ይደክማል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱን የካሜራ ምስል እያገላበጠ ቀይ ነጥብ የሚፈልገው እሱ ነው። በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሳ ካሜራ በሁለት ምስሎች መካከል 33 ሚሊሰከንድ አለው። የሌዘሩ ብልጭታ ከዚያ ካጠረ አንዳንድ ተኩስ ሳይያዝ ሊያልፍ ይችላል። በሰከንድ 60 የሚያነሳ ካሜራ ይሻላል። እኔ ለዚህኛው አይ 5 እመክራለሁ።

ሁለት ልጆች ጎን ለጎን እንዲለማመዱ ሁለት ካሜራ የምትሰኩ ከሆነ አንድ ሃብ ላይ አታድርጓቸው። ያልታመቀ የ640 በ480 ምስል በሰከንድ 30 ሲላክ 18 ሜጋባይት ያህል ነው። ሁለት ሲሆን የዩኤስቢ 2.0 መንገድ ይጨናነቃል። አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ ቀዳዳ ሰኩ።

የካሜራውን አውቶማቲክ ብርሃን ማስተካከያ አጥፉት። ምስሉን ጨለም አድርጉት፤ ነጥቡ ጎልቶ ይታያል። የፍሊከር ቅንብሩን 50 ኸርዝ አድርጉ። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይን አያየውም፤ ካሜራ ግን ያየዋል። ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ላይ ይህ ይብሳል። ከተቻለ በቀን ብርሃን ተለማመዱ፤ ፀሐይዋ በቀጥታ ዒላማው ላይ እንዳታርፍ ብቻ ተጠንቀቁ።

ስክሪኑስ?

14 ወይም 15 ኢንች፣ የማያንጸባርቅ። የሚያብረቀርቅ ስክሪን በረንዳ ላይ የራሳችሁን ፊት ነው የሚያሳያችሁ። አሠልጣኝ ካለ ሁለተኛ ስክሪን ማውጫ ይኑረው፤ ተኳሹ ስክሪኑን ሳያይ አሠልጣኙ ብቻ የሚያይበት ጊዜ አለ። እኔ ለጀማሪ ይህን እመርጣለሁ። ዱካውን እያዩ ሲያነጣጥሩ ዓይን ከማነጣጠሪያው ይሸሻል።

ቤቴ ጠባብ ነው፤ 10 ሜትር የለኝም።

የኮምፒውተር ጥያቄ ባይሆንም ሁሉም ይጠይቀኛል። 5 ሜትር ካላችሁ ዒላማውን በግማሽ አሳንሳችሁ አትሙና ርቀቱን ሶፍትዌሩ ውስጥ 5 ብላችሁ አስገቡ። የዒላማው መሃል ከወለሉ 1.4 ሜትር ላይ ይሁን። ሲታተም ፕሪንተሩ ወረቀቱን ለማስማማት ብሎ መጠን እንዳይቀይር ተጠንቀቁ፤ በማስመሪያ ለኩት።

ኢንተርኔት ያስፈልጋል?

ለልምምዱ አያስፈልግም። ሶፍትዌሩን ለማውረድና አንዳንዴም ለማስመዝገብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ኔት በሚኖርበት ቀን መጫኛውንና ድራይቨሩን አውርዳችሁ በፍላሽ አስቀምጡ። የኛ አገር ኔት መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። አዲስ ላፕቶፕ ከዊንዶውስ 11 ሆም ጋር ከገዛችሁ ሲጀምር ኔት ይጠይቃል፤ ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ይጨረስላችሁ።

ፍላሽ ስል፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት የመጣ ፍላሽ የልምምድ ኮምፒውተር ላይ አይሰካ። መዝገባችሁን ለመገልበጥ አንድ ፍላሽ ለይታችሁ ያዙ። በየሳምንቱ ገልብጡ። የስድስት ወር ዱካ የጠፋበት ልጅ ሲያለቅስ አይቻለሁ።

ክረምት ላይ ምን ልጠንቀቅ?

መብረቅ። ደመናው ሲጠቁር ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ዲቫይደሩን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። በባትሪ ቀጥሉ። የኔትወርክ ገመድ ከውጭ የሚገባ ከሆነ እሱንም ንቀሉ። በጋ ላይ ደግሞ አቧራው ነው። በዓመት አንዴ ማራገቢያውን አስጠርጉ፤ የታፈነ ላፕቶፕ ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ መንተባተቡም ይመጣል።

ሽጉጥ የሚመስል ነገር ቤት ማስገባት ችግር አያመጣም?

ሊያመጣ ይችላል፤ በቀላሉ አትዩት። አገሪቱ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አላት። የአየር ጠመንጃም ሆነ የሌዘር ሽጉጥ ከማስመጣታችሁ በፊት የአካባቢያችሁን ፖሊስ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። ሌዘር ቢሆንም ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሽጉጥ ነው። በመንገድ ላይ በእጅ፣ በወገብ ወይም በፌስታል አትያዙት። በተቆለፈ ሳጥን ይሁን። የጎረቤት ሰላምም አስቡ፤ ምን እንደምትሠሩ ንገሯቸው፣ ጠርታችሁም አሳዩአቸው።

እውነተኛ መሣሪያ ላይ ሴንሰር የምታስሩ ከሆነ ጥይት ልምምዱ ክፍል ውስጥ ጨርሶ አይግባ። ባዶነቱን አንዱ ያያል፣ ሌላው ደግሞ ያያል። ሌዘሩንም ወደ ሰው ዓይን አታዙሩ። ይህን ሳያደርግ የጀመረ ልጅ ካለ እኔ የዚያን ቀን ልምምድ እዘጋለሁ።

ሱቅ ውስጥ ቆሜ በምን ልፈትሸው?

ሃያ ደቂቃ ይበቃችኋል። ቻርጀሩን ነቅላችሁ የባትሪውን መቶኛ ጻፉ። በየዩኤስቢው ቀዳዳ ፍላሽ ሰክታችሁ ንቀሉ፤ የላላ ቀዳዳ እጃችሁ ያውቀዋል። የፕሮሰሰሩን ቁጥርና ራሙን ከሲስተም መረጃው ራሳችሁ አንብቡ። ሴንሰሩ አስቀድሞ እጃችሁ ላይ ካለ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሶፍትዌሩን ከፍላሽ ጫኑና ጠረጴዛው ላይ አሳርፋችሁ ዱካውን እዩ። ጠመንጃውን ወይም ሽጉጡን አትውሰዱ፣ ሴንሰሩን ብቻ። በመጨረሻ የባትሪውን መቶኛ እንደገና እዩ። በሃያ ደቂቃ ከ20 መቶኛ በላይ ከወረደ አንድ ሰዓት ተኩል ላያደርሳችሁ ይችላል፤ ወይ የባትሪ ዋጋ ይቀነስላችሁ፣ ወይ ሌላ ይምጣላችሁ። ሻጩ ሃያ ደቂቃውን ከነፈጋችሁ ቀጣዩ ሱቅ ግቡ።